የፒተር ጉበትና የእኛ «በሞቴ»

ኅዳር 4 ቀን 2011፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ከጄልዱ፣ ከጎጆ ከተማ የመጣው ድንች ተራገፈ። ሰማንያ ሁለት ጆንያ። ሦስቱን ውርጭ መትቶታል፤ ለብቻ አስቀመጥኩ። ሾፌሩ መንገዱን እየረገመ ሄደ።

ፒተር አልመጣም። ድንች ሲራገፍ ቀርቶ አያውቅም፤ ጆንያውን ፈትቶ ካላሸተተ አይሆንለትም። ቤቱ ሄድኩ። አልጋ ላይ ነው። ዓይኑ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኗል። ሆዱ ተነፍቷል፣ እግሩ አብጧል። ደህና ነኝ ይላል። እጁ ግን የሻይ ብርጭቆ መያዝ አቅቶታል።

ደብተሬ፣ ፒተርን አስተዋውቄህ አላውቅም፤ የድንች ዋጋ ብቻ ስጽፍብህ ኖሬያለሁ። የሆላንድ ሰው ነው። ዕድሜው ስልሳ አንድ። የድንች ዘር ሊያራባ መጥቶ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። ጄልዱ ውስጥ የእሱን ዘር ያልተከለ ገበሬ የለም፤ ኦቦ ጴጥሮስ ይሉታል። እኔም የዛሬውን መጋዘን የሠራሁት በዚያ ዘር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ባልደረቦቹ ሄዱ፤ እሱ ቀረ። በየገበሬው ቤት አረቄ ሲቀዳለት በፊት ለክብራቸው ብሎ ይጠጣ ነበር። ሥራው ሲቀር ቀኑን ለመግፋት ጠጣ። አሁን የሚጀምረው ጠዋት ነው።

የያዘው የወፍ በሽታ ነው። ዓይኑን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ነገ መድኃኒት አመጣለሁ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ወደ ጉደር መንገድ ሄጄ የወፍ መድኃኒት ከሚያውቅ ሰው ዱቄት ተቀበልኩ። ትእዛዙ፦ በአንድ መለኪያ አረቄ ተበጥብጦ ሦስት ጠዋት በባዶ ሆድ። መርፌ እንዳይነካው።

ፒ. ቀጥ አድርጎ ጠጣው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሆላንድም የለም አለ። ሳቅን። በዚህ ሳምንት ይነሳል።

ኅዳር 7፣ ዓርብ፣ ቀን 6፡00

ሆስፒታል ነኝ።

ጠዋት ሦስተኛውን ልሰጠው ስገባ አላወቀኝም። በአገሩ ቋንቋ ያወራል። ጥቁር ደም አስታወከ። በአይሱዙው ጋቢና ተሸክሜ አመጣሁት።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ምን እንደወሰደ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣም። ምን እንዳለበት ያልታወቀ ዱቄት አንድ፣ አረቄ ሁለት፤ የታመመን ጉበት በሁለት ዱላ መታችሁት አለ።

መታችሁት አይደለም። መታሁት። በንግድ ሕይወቴ ፈትቼ ያላየሁትን ጆንያ ገዝቼ አላውቅም። ለጓደኛዬ ግን የማላውቀውን ዱቄት ገዛሁ። እንዳልረሳው እዚህ ይቀመጥ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ተርፏል!

ሁለት ቀን ተንቀጠቀጠ። አይጥ አልጋዬ ላይ ወጣ እያለ ጮኸ። አረቄው ሲቋረጥ የሚመጣ ነው አሉ፤ መድኃኒት ሰጥተው አረጋጉት። ቤት አስቀምጠን በአንድ ቀን ብናስቆመው ይሞት ነበር። ይኸኛውንም አላውቅም ነበር።

የጉበት ቫይረስ ተመርምሮ የለበትም። የመጠጥ ነው። ጉበቱ ጠባሳ ሆኗል፤ እንደ ድሮው አይሆንም። ሐኪሙ ቁርጡን ነገረን። ካቆመ በቀረው ጉበት ዓመታት ሊኖር ይችላል። ከጠጣ የሚቀጥለውን የድንች አዝመራ አያይም። ፒ. ጣሪያውን እያየ ሰማ።

እህቱ ከሆላንድ ደወለች። ላኩልኝ ትላለች። ሐኪሙ ለአውሮፕላን አልደረሰም አለ። እስኪጠና እኔ ጋ ይቀመጣል አልኳት። አለቀሰች። እኔ ማልቀስ አልሆነልኝም፤ የሚበላውን የሚያበስል ሰው እያሰብኩ ነበር።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ወጣ። የግቢዬን ሰርቪስ ክፍል ሰጠሁት። ጎረቤታችን ሲ/ር ጫልቱ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ደንቡን ጻፈችልን። ጨው የለም። ምግብ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። እንቁላል፣ ባቄላ። ውሃውን በሽንት የሚያወጣ ኪኒን። በየጠዋቱ መመዘን፤ ክብደቱ በአንድ ጊዜ ከጨመረ ሆዱ ውሃ እየያዘ ነው።

የሰው ሚዛን የለኝም። የድንች ሚዛን አለኝ። ፒ. ጆንያዎቹ መሐል ቆመ። 79.5 ኪ.ግ። ውርጭ የመታው ነው፣ ለብቻ ይቀመጥ አልኩት። ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ ዛሬ ገና ሳቀ።

የእኛ ቤት ከትናንት ወዲያ ጾም ገብቷል። እንቁላሉ የሚጠበሰው ሲ/ር ጫልቱ ቤት ነው፤ እነሱ ጴንጤ ናቸው፣ ጾሙ አይመለከታቸውም። ሰሃኑ በአጥር በኩል ይተላለፋል።

ኅዳር 21፣ ዓርብ

ክፉ ቀን።

ሰው ሊጠይቀው ይመጣል። አንዱ ጥቁር ቢራ ይዞ መጣ፤ ለበሽተኛ ደም ይሆነዋል ብሎ። ሌላው ከኪሱ ጠርሙስ አውጥቶ፣ በሞቴ አንዲት መለኪያ ብቻ። ሁለቱንም ከነጠርሙሳቸው ሸኘሁ። ዛሬ ግን እኔ ገበያ ሳለሁ ፒ. ራሱ ተነስቶ ወ/ሮ ሸዋዬ ቤት ሄደ፤ አረቄ ሻጯ ጋ። እግዜር ማረህ ብላ በደስታ በነፃ ቀዳችለት። ሁለት ጠጣ።

ራሱ ነገረኝ። አጎንብሶ፣ ጫማውን እያየ። አልጮህኩበትም። ሲ/ር ጫልቱን ጠራሁ፤ ወደ ሐኪሙ ወሰድነው፣ አይቶ መለሰው።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ጥማቱ የእሱና የሐኪሙ ጉዳይ ነው። አቅርቦቱ ግን የእኔ ሙያ ነው። ገበያን ማድረቅ አውቃለሁ። ይህ ከተማ ፒተርን የሚጎዳው ስለሚወደው ነው፤ «በሞቴ» ተብሎ እምቢ ማለት ነውር ሆኖበታል።

ጴንጤ ሆኗል ብለን እናስወራ፣ ጴንጤን አረቄ ጠጣ የሚል የለም አልኩ። ሲ/ር ጫልቱ ወገቧን ይዛ፣ «ኦቦ ቶላ፣ ጌታን የአረቄ አጥር አታድርገው! ውሸትህን ለድንችህ አቆየው» አለችኝ።

ለድንቼም አልዋሽም። ግን ልክ ናት።

ታዲያ እዚህ አገር «በሞቴ»ን የሚያሸንፍ ምን አለ? አንድ ነገር ብቻ። ሽማግሌ።

ኅዳር 24፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡00

ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። የእድራችን ዳኛ፣ አንድ የደብር ሰው፣ ከሲ/ር ጫልቱ ቤተ ክርስቲያን አንድ አባት። እኔ ከኋላ። በማለዳ ወ/ሮ ሸዋዬ በር ላይ ቆመን። ግቡ፣ ተቀመጡ። አንቀመጥም፤ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም።

ሴትየዋ ደነገጠች። ወደ ጓዳ ሮጠች። ልጇ ቀሚስ ቀይራ ወጣች! ለጋብቻ የመጣን መስሏቸው ነው። የእድሩ ዳኛ ሳቁን ዋጠው። የመጣነው ለፒተር ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ እንዳትቀጂለት አላት።

ወ/ሮ ሸዋዬ ሦስቱን በየተራ አየቻቸው። «ስጡን ሊል የሚመጣ ሽማግሌ አውቃለሁ። አትስጡ ሊል የመጣ ግን ዛሬ ገና አየሁ!» ልጅቷ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ሳቀች። እናትየው እንቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ የቆሙትን አየች፤ ዘጋችው። ቃሏን ሰጠች። ተቀመጥን።

ኅዳር 30፣ እሑድ

በሳምንቱ ሌሎች ስድስት ቤቶች ሄድን። ስድስቱም እሺ!

ታኅሣሥ 8፣ ሰኞ

75 ኪ.ግ። ውሃው እየወጣ ነው። የሱሪው ቀበቶ ሁለት ቀዳዳ ገባ።

ግን አያናግረኝም። ቅዳሜ ወጥቶ አራት ቤት ዞሮ፣ አራቱም ሻይ አቀረቡለት። አንዷ ጭራሽ እጁን ይዛ እኔ ቤት አደረሰችው። ከተማውን እስር ቤት አደረግህብኝ ብሎ ጮኸብኝ። አዎ አልኩት። በሩን በላዬ ላይ ዘጋ።

ይዝጋ። ተመዝኗል፣ እንቁላሉን በልቷል፣ ኪኒኑን ውጧል። ለኩርፊያው ጊዜ አለን።

ታኅሣሥ 29፣ ሰኞ፣ ገና

71! ዓይኑ ነጭ ሆኗል። እግሩ ላይ አጥንቱ ይታያል።

ባለፈው ሳምንት ሳልጠራው መጋዘን መጥቶ ጆንያ ፈትቶ አሸተተ። ይህን የድንች ዘር ማን አበላሸው ብሎ ተቆጣ። የሰማሁት ምርጥ ቁጣ ነው። ሠላሳ ስምንት ቀን አልቀመሰም። በዓሉን ከእኛ ጋር ዋለ፣ ጨው የሌለው ቅቅል በላ፤ ድንች ራሱ ከዚህ ይጣፍጣል እያለ።

ጥር 9፣ ሐሙስ

ኦቦ ዲሪባ ከጎጆ ደወለ። ሴት ልጁን ጥር 19 ይድራል። ኦቦ ጴጥሮስ ካልመጣ ሠርግ የለም፤ ለእሱ ብዬ ሦስት ዓመት ያስቀመጥኩት ዳግም አረቄ አለ ይላል።

ዲሪባ የፒ. የመጀመሪያ ገበሬ ነው። ያኔ ማንም ባላመነው ጊዜ መሬቱን የሰጠው እሱ ነው። ካልሄደ ይቀየማል። ከሄደ፣ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ዳስ፣ ሁለት መቶ «በሞቴ»። ሲ/ር ጫልቱ አይሂድ አለች። ፒ. እሄዳለሁ አለ። ካልጠጣሁ የምኖረው ተደብቄ ከሆነ አልኖርኩም አለ።

እዚህ ላይ ልክ ነው።

ጥር 13፣ ሰኞ

ከሽማግሌዎቹ ጋር ጎጆ ወጣን። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ዲሪባ በር ላይ ጉዳዩን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። በቤቴ ያልጠጣ እንግዳ አላውቅም፤ ለሰው ምን እላለሁ? ገብቶ በሩን ገርበብ አደረገው። ቆምን። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ በዚያ ንፋስ። የእድሩ ዳኛ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። አንድም ሰው አልተቀመጠም።

ዲሪባ ወጣ። ከጠጣ ይሞታል ወይ አለ። ይሞታል አልነው። በዚህ አገር መጀመሪያ የቀዳለት ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ አለ። «እኔ ነኝ። እዚህ ቤት። እንቢ ሲለኝ በሞቴ ብዬ።»

መደቡ ላይ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ሄድኩ፤ ስለ ዱቄቱ ነገርኩት። ሁለታችን እኩል ሆንን። ተቀመጡ አለ ለሽማግሌዎቹ። ተቀመጡ።

ጥር 19፣ እሑድ፣ ከጎጆ ስንመለስ

እንዳልረሳው አሁኑኑ ልጻፈው።

ዲሪባ ዳሱ መሐል ቆመ። ዛሬ ለኦቦ ጴጥሮስ አረቄ የቀዳ እኔን ሰደበ አለ። ከዚያ በትልቁ ዋንጫ ወተት ሞልቶ፣ መርቆ፣ በሁለት እጁ ሰጠው። ለሙሽራው አባት እንኳ እንዲያ አልሰጠም።

አንድ ሰው ብቻ አልሰማም። የዲሪባ ታናሽ ወንድም፣ ደበላ። ከጠዋት ጀምሮ ሞቅ ብሎታል። ጠርሙስ ይዞ መጣ፣ በሞቴ፣ በልጅቷ ሞት፣ አንዲት! ልነሳ ስል ፒ. እጄን ያዘኝ። ራሱ ተነሳ። በዚያ በኦሮምኛና በአማርኛ በተቀላቀለ አፉ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ኦቦ ደበላ፣ አንተ እንድትሞት አልፈልግም። አንተም እኔ እንድሞት አትፈልግም። ላኪ፣ አልጠጣም። ና፣ ወተቱን አብረን እንጠጣ» አለው።

ላኪ! እንቢ ማለት እኮ ነው! ዲሪባ መጀመሪያ ከቀዳለት ቀን ወዲህ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል። ሴቶቹ እልል አሉ። ደበላ ጠርሙሱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ጠርሙሱ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ፒ. ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ዘፈነ። ድምፁ አስቀያሚ ነው። ዝም አላስባልኩትም።

ጥር 23፣ ሐሙስ

ሐኪሙ ጋ ነበርን። ደሙ ጥሩ ነው፤ ጠባሳው ጠባሳ ነው፣ ግን ጉበቱ ተሸክሞታል። አሁን መብረር ይችላል። ፒ. እህቱ ጋ ደወለ፤ ሊጠይቃት ለሁለት ሳምንት ይሄዳል፣ ተመልሶ ዘር ይዘራል። እሷ ሳቀች አለኝ።

ጥር 26፣ እሑድ

ደበላ ደወለ። ሳይጠጣ ነው፤ ከድምፁ ታወቀኝ። ሦስት ጊዜ ስለ ድንች ጠየቀኝ። ከዚያ፣ ዓይኔ ቢጫ ሆኗል አለ። ሚስቴ የወፍ ነው ትላለች፣ ዱቄት ልታመጣ ነው።

እንዳትነካው አልኩ። መጠጡንም በጉልበትህ ብቻህን አታቁም፤ መጀመሪያ ሐኪም።

ብቻዬን አልሄድም አለ። «ለእኔ ሽማግሌ የሚልክ ሰው የለኝም። ኦቦ ቶላ፣ አንተ ላክብኝ። እንቢ እንዳልል አድርገህ ላክ።»

ጥር 27፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12፡00

ተወስኗል። ጎጆ እንወጣለን፤ ደበላን ከቤቱ አንስተን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። የደብሩ ሰው አሞታል፣ አንድ ሽማግሌ ጎደለ። ፒ. እኔስ አለ። ጸጉሩ ነጭ ነው፤ ጎድሎበት የነበረው እንቢ ማለት ብቻ ነበር፣ እሱንም ለምዷል። የእድሩን ዳኛ ጠየቅሁ። ከዚህ በላይ ማን ይገባዋል አለ።

አይሱዙው ክላክስ እያደረገ ነው። ፒ. የእኔን ጋቢ ደርቦ በሩ ላይ ቆሟል። ጫማዬን እስካስር ግባና ተቀመጥ አልኩት። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም ብሎ ቆሞ ይጠብቀኛል።