ፎቶዬን ለመትከል እኔን ላስነሡ ክቡር ኃላፊ

ለዘላቂ ኑሮና ለመንገድ ዳር ውበት ማስተባበሪያ ክፍል፣
ለክቡር ኃላፊው፣
ፍኖተ ሰላም።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? ቤተሰቡ፣ ቢሮው፣ ስብሰባው ሁሉ ደኅና ነው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ፤ ከገበያው መግቢያ ላይ ግን የለሁም። ካስነሡት ሰው ብዛት የተነሣ ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚያስገባው መንገድ ዳር፣ በስፌት መኪናዬ ያረጀ ልብስ ስጠግን፣ አይጥ የበላው ጆንያ ስጥፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርሁት እናኑ ይርሳው ነኝ።

ከአቤቱታዬ በፊት ምስጋናዬን ላስቀድም። በግንቦት ወር መሥሪያ ቤትዎ ለዘላቂ ኑሮ የሚረዱ አሥር የዕለት ልማዶችን በወረቀት አሳትሞ ለሕዝቡ አድሏል። የመጀመሪያው ልማድ «ያረጀ አይጣል፣ ይጠገን» የሚል ስለነበር፣ ባለሙያዎችዎ መጥተው ከአንቺ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም አሉኝ፤ ነጠላሽን አስተካክዪ፣ ቀና በዪ፣ ሳቅ በዪ ብለውም ከነመኪናዬ ፎቶ አነሡኝ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ሰኔ ላይ የቤት ግድግዳ በሚያህል ሰሌዳ ታትሞ መጣ። የሚተከልበት ቦታ ሲፈለግ ግን ከገበያው መግቢያ የተሻለ አልተገኘም፤ እዚያ ደግሞ እኔ ተቀምጫለሁ። እናም የከተማውን ውበት አበላሽታለች ተብዬ ለገዛ ፎቶዬ ቦታ ለቀቅሁ፤ የሸራ ጥላዬ ፈረሰ፣ መኪናዬም በፈረስ ጋሪ ተጭና ወደ ግቢዎ ሄደች። እንዲህ ያለ ክብር ለስንት ሰው ይደርሰዋል? እግዜር ይስጥልኝ።

አቤቱታዬን እንደ ሥርዓቱ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የታላቁን ዩኒፎርም ለታናሹ አሳጥሮ ማልበስ፣ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቶ የደብተር መያዣ ማድረግ፣ የቆሎ ተማሪውን አኮፋዳ በነጻ መጣፍ፣ የተረፈውን ቁርጥራጭ ትራስ ውስጥ መጠቅጠቅ፣ እነዚህን ሁሉ እኛ እስከ ዛሬ «ችግር» ነበር የምንላቸው። እርስዎ «ዘላቂ ኑሮ» የሚል የክርስትና ስም ስላወጡላቸው ከልብ ኮርተናል። ወረቀቱ ገላችንን ስንታጠብ ውኃ እንዳናበዛም ይመክራል። እኛ ሰፈር ቧንቧው በስምንት ቀን አንዴ ስለሚመጣ፣ በዚህ ልማድ ከከተማው አንደኛ ሳንወጣ አንቀርም። አጭር ርቀት በእግር መሄድ ይበጃል የሚለውን ግን ሠራተኞችዎ ያደሉን ሞተሩ ካልጠፋ መኪና ላይ ሆነው በመስኮት ነው።

ሁለተኛ፣ አያ ያለው የሚባሉ የማንኩሳ ገጠር ሽማግሌ አሉ፤ የእህል ጆንያቸውን ስንት ጊዜ እንደጣፍሁላቸው እኔም እሳቸውም አናውቀውም። ባለፈው ቅዳሜ ጆንያቸውን በትከሻቸው ይዘው ከሰሌዳው ሥር ደረሱ። ማንበብ ስለማይችሉ፣ ፎቶዬን ሲያዩ ሱቅ የከፈትሁ መስሏቸው ከሰሌዳው ጀርባ ዞረው በር ሲፈልጉ ቆዩ። ባለ ባጃጆቹ ተነሥታለች፣ ይህ ፎቶዋ ነው ቢሏቸው፣ «ታዲያ ሥዕል ይሰፋል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ይህን ጥያቄ ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ፤ እሳቸው ግን ጆንያውን ከነቀዳዳው ይዘው አገራቸው ገቡ።

ሦስተኛ፣ ስለ መኪናዬ ነው። ግቢዎ ውስጥ ዝናብ ላይ ቆማለች። በአጥሩ ቀዳዳ አይቻታለሁ፤ ዶሮ ሰፍራባታለች። የንብረት ክፍልዎ ሲመዘግባት «አሮጌ ብረት» ብሏታል። ባለፈው ሰኞ በራችሁ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ደግሞ፣ በግቢው የተከማቸው ብረታ ብረት ሁሉ ጳጉሜን ሦስት ቀን በጨረታ እንደሚሸጥ ይናገራል። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። ያቺ መኪና እናቴ ስትሞት የተወችልኝ ናት። ባሌ ካረፈ ወዲህ ሁለት ልጆቼን ያበላች እሷ ናት፤ ልጄ ሕሊና መስከረም ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትገባው በእሷ ነው። ጳጉሜን ማለት ደግሞ የከተማው እናት ሁሉ የአምናውን ዩኒፎርም ይዛ ጠርዙ ይውረድልኝ፣ ጉልበቱ ይጣፍልኝ የምትልበት ሳምንት ነው። እርስዎ በዚያ ሳምንት ለብረት አቅላጭ ሊሸጧት ነው። ኧረ በሞቴ፣ ይኼ ምን ይባላል? ይህቺን አንቀጽ በትሕትና ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም፣ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አራተኛ፣ ለምን በግልጽ እንደጻፍሁ። ማመልከቻ ሦስት ጊዜ አምጥቻለሁ። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልሁ፤ ቀጥሎ ለአረንጓዴ ልማት ልምድ ልውውጥ ሄደዋል ተባልሁ። በሦስተኛው ጸሐፊዎ ወይዘሮ ምሕረት፣ አይቀየሙብኝና፣ ወረቀት ማባከን ከአሥሩ ልማዶች ጋር ይጋጫል አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሳላባክን አንዲቱን ወረቀት ከገበያው፣ ከመናኸሪያውና ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሄጄ ለሁሉም አነበብኋት፤ አሁን እርስዎ በር ላይ ተለጥፋለች።

የምለምነው ብዙ አይደለም። መኪናዬ ከጨረታው በፊት ትመለስልኝ። ቦታዬን መመለስ ለከተማው ውበት የሚከብድ ከሆነም ከሰሌዳው ጀርባ እቀመጣለሁ፤ ፊቴ ሰፊ ሆኖ ስለታተመ ጥሩ ጥላ ይጥላል።

አምላከ ቅዱሳን ሥልጣንዎን ያለምልምልኝ፣ ወንበርዎን ያጽናልኝ፣ እንደኔ ካለ ነገረኛ ይሰውርዎ እያልሁ፣ እጅ ነሥቼ፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ። በሰሌዳ የቆምሁ፣ በአካል የጠፋሁ፣ የዘላቂ ኑሮዎ ምሳሌ፣

እናኑ ይርሳው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህቺን ቁራጭ ለማንም አላነበብኋትም፤ አሽጌ ለእርስዎ ብቻ ልኬያታለሁ። ሐሙስ ዕለት ሾፌርዎ በጓሮ በር መጥቶ የእርስዎን ሱሪ አድርሶልኛል። በፌስታል ጠቅልሎ ነው ያመጣው፤ ግድ የለም። በአካባቢው ሌላ ጠጋኝ እንደታጣ ነግሮኝ፣ ለማንም እንዳልናገር አደራ ብሎኛል፤ የኃላፊ ሱሪ ተጣፈ መባል ነውር ነው አሉ። የተቀደደው በመቀመጫው በኩል ነው፤ ብዙ የተቀመጡበት ሱሪ ወጉ ይኸው ነው። ጨርቁ ገና ነው፣ የሚጣል አይደለም፤ ግን ወፍራም ስለሆነ የእጅ መርፌ አይደፍረውም፣ መኪና ይፈልጋል። መኪናዬ በመጣች ዕለት ሰፍቼ፣ ተኩሼ እልክልዎታለሁ። ካልመጣች ግን በጨረታው ማግሥት ገበያ ይዤው እወጣለሁ፤ የማን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ደግሞ አልዋሽም፣ የንስሐ አባቴ ከልክለውኛል።