ስለ እኔ የተሰበሰቡ ዕለት

ውድ ሀምዲያ፣

ቁጭ ማለት አቅቶኝ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ከብርድ እንዳይመስልሽ፣ ከደስታ ነው!

ወደ ወገዳ ከሄዳችሁ ወዲህ አጠገቤ የሚቀመጥ የለም። ጆሮዬ ስለማይሰማ፣ መምህር ያሉትን ሁሉ ወደ እኔ ዞር ብለሽ፣ ድምፅ ሳታወጪ በከንፈርሽ ትደግሚልኝ ነበር። አንቺ ስትሄጂ ስድስተኛ ክፍል በሙሉ ጸጥ አለብኝ። መምህር ጌዲዮን ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ነው የሚያስረዱት፤ እኔ የማየው ጀርባቸውን ነው። ፈተናውን ወደቅሁ።

ስለዚህ ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ እኔ ተሰበሰቡ። መምህር ጌዲዮንና የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ቄስ ማቴዎስ ነበሩ፤ አባቴም ከገበያ ሲመለስ አህያውን በሩ ላይ አስሮ ገባ። ፊደል ከሚቆጥሩት ሕፃናት ጋር በልዩ ፍላጎት ክፍል ሊያስቀምጡኝ እንዳሰቡ እናቴ ነግራኛለች። እኔን የጠሩኝ መጨረሻ ላይ ነው።

ጉም ወርዶ ነበር። መምህሩ በሻርፕ፣ ሁለቱ በጋቢ አፋቸውን ሸፍነዋል። ጨርቁ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ቃሉን ግን አላየውም። ድንገት ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። የሆነ ነገር ጠይቀውኛል። የእኛን ልማድ ታውቂያለሽ፤ ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት አንገቷን ከደፋች እሺ ብላለች ነው የሚባለው። እኔም ፈርቼ ደፋሁ። ቀና ስል ቄሱ ለምርቃት እጃቸውን አንሥተዋል። ከተመረቀማ አለቀ!

«አባ!» አልሁ። በጣም ሳልጮኽ አልቀረሁም፤ አህያው እንኳ ዞሮ አየኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋቢዎን ከአፍዎ ዝቅ ያድርጉልኝ። ምን እንዳሉኝ አላየሁም።»

አባቴ ሊቆጣኝ ጋቢውን ገለጠ። «አንቺ! ቄስ ታዣለሽ?»

በዚያ ቀን መጀመሪያ የገባኝ ቃል እሱ ነው! ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ቄሱ ግን አፋቸውን ገልጠው እየሳቁ አባቴን አዩት። «ተዋት፣ ጣሰው። ልጄ፣ ከትንንሾቹ ጋር ትማር ብለን ነው። አልወደድሽውም?»

«ፊደልማ አውቃለሁ፣ አባ። የማላውቀው መምህር ለሰሌዳው የሚነግሩትን ነው።»

መምህር ጌዲዮን ሻርፓቸውን ፈቱ። «ታዲያ ምን ብናደርግ ይሻልሻል?»

እኔን ጠየቁኝ፣ ሀምዲያ! እኔን! ከክፍሌ አታስወጡኝ፣ መስኮቱ አጠገብ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡኝ፣ መምህርም ጽፈው ሲጨርሱ ዞረው ያስረዱ አልሁ። የምልክት ቋንቋም መማር እፈልጋለሁ አልሁ። ይህን ሁሉ እኔ አልሁ! «እስከ ፋሲካ እንሞክረው። ያኔ ስንሰበሰብ ከመጀመሪያው ትገቢያለሽ» አሉኝ መምህር።

ወደ ቤት ስንወጣ አባቴ አህያውን እየነዳ ከፊቴ ሄደ። ተቆጥቷል ብዬ ፈራሁ። ዳገቱ መሐል ላይ ቆመና ዞረ። ጋቢውን አገጩ ሥር አስገብቶ፣ «ሌላስ? ሳንጠይቅሽ የቀረነው ምን አለ?» አለኝ።

ስንቱን ልንገርሽ! እኔ ሳወራ እሱ ሲመልስልኝ፣ አፉን እንዳላጣው የኋሊት እየሄደ፣ ድንጋይ እያደናቀፈው ቤታችን ደረስን።

ደህና ሁኚልኝ፣
ዮርዳኖስ
ከአርብ ገበያ