ግራጫው ወንድሙን ለምን አላዳነውም?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ለምናፍቅህ ለትንሹ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከወሬዬ ቀድሞ ይድረስህ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷም ቀለል ብሎላታል። እኔም ያው ነኝ፤ ጠዋት መነጽር ቤቱን እከፍታለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ሌንስ እሞርዳለሁ፣ አመሻሽ ላይ እዘጋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምታቀብልህ እጮኛህ ናት። ነገ ትበራለች። መንገድ ላይ ከፍታ እንደማታነበው አውቃለሁ፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለችም።

ባለፈው በስልክ «እንዴት አገኘሻት?» ስትለኝ «ጥሩ ልጅ ናት» አልኩህ። ዝም ስትልብኝ «በጣም ጥሩ ልጅ ናት» ብዬ ጨመርኩ። ደስ አለህ። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ ሳህን ሳጥብ አንዱን ሰበርኩት። እውነቱን ልንገርህ፤ ልትተዋወቀን መጥታ ገና ከመኪናው ስትወርድ ነው የጠላኋት።

ምንም አላደረገችኝም። እሱ ነው ደግሞ የባሰብኝ። ፋርማሲ ስለምትሠራ ለእማዬ የጉልበት ቅባት ይዛ መጣች፤ የምር የሚያሽል ቅባት። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሸሁትን ጉልበት እሷ በሁለት ቀን አሻለችው። በሦስተኛው ቀን እማዬ ከጓዳ «ልጄ» ብላ ስትጣራ ሁለታችንም እኩል «አቤት» አልን።

እኔን «እርስዎ» ነበር የምትለኝ። «አንቺ በይኝ፣ ይህን ያህል አላረጀሁም» አልኳት። «እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ» አለችኝ።

አንተ ሻይ ያለ ስኳር እንደምትጠጣም ከእሷ ሰማሁ። ብርጭቆው ውስጥ ማንኪያ የሚያቆም ስኳር የምትጨምር አንተ? «ትቷል እኮ፣ ከዓመት በላይ ሆነው» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለበሽተኛ ቤተሰብ እንደሚነገር። በየሳምንቱ እያወራን እንዴት አልነገርከኝም? እኔ ስኳር ስገዛ እንኳ አንተን ነበር የማስበው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት እማዬ ግድ ብላኝ ወደ ፊልም ክርክራችን ይዣት ሄድኩ። ቦታው ያው ከልብስ ስፌቱ በላይ ያለው ክፍል ነው። ልብስ ሰፊው አሁንም ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ለተናጋሪ ተራ ይሰጣል፤ አሁንም «ዳኛው» ነው የምንለው። የፊዚክስ መምህሩም ጠመኔውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። የዕለቱ ርእስ ያው የማያልቀው ጥያቄያችን ነበር፤ የፊልሙ ጀግና ግራጫው በሁለተኛው ክፍል ድልድዩ ወደ ፈረሰበት ቀን ተመልሶ አርባ ሰው ከውኃ ሲያወጣ የገዛ ወንድሙን ለምን ተወው?

መምህሩ ሰሌዳው ላይ መስመር አሰመረ። «ወንድሙ ባይሞት ኖሮ ግራጫው ጭንብል አያጠልቅም ነበር። ጭንብል ካላጠለቀ የጊዜውን በር የሚከፍት የለም። በሩ ካልተከፈተ ደግሞ ማን ተመልሶ ያድነዋል? አልቻለም፤ በቃ።»

ዳኛው «እንግዳችን ትናገር» አለ። እጮኛህ ተነሳች።

«የቻለ ይመስለኛል፤ ያልፈለገ ነው» አለች። «ግራጫው ወደ ዘመኑ ሲመለስ ያዳናቸው አርባ ሰዎች መቃብር እንዳለ ነው የጠበቀው። የእሱ ጊዜ አልተቀየረም ማለት ነው። የተቀየረው ሌላ፣ ከድልድዩ ላይ የተገነጠለ አዲስ ጊዜ ነው። ወንድሙን ቢያድነው ወንድሙ የሚቀረው ወንዙ ዳር ቆሞ ለሚያለቅሰው ለወጣቱ ግራጫው ነው። ከወደፊቱ የመጣው ትልቁ ግን ባዶ እጁን ወደ ባዶ ቤቱ ይመለሳል። ወንድሙን ለሌላ ሰው፣ ያ ሌላ ሰው ራሱ ቢሆንም፣ አሳልፎ መስጠት አቃተው። ቀናበት። እኔና እጮኛዬ የደረስንበት ይህ ነው።»

አጨበጨቡላት። መምህሩ እንኳ ጠመኔውን አስቀመጠ።

ወንድሜ፣ ይህ የማን ሐሳብ እንደሆነ ታውቃለህ። ከሲኒማ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ስነግርህ «ጀግና አይቀናም» ብለህ እስከ ቤት ድረስ የሳቅክብኝ ነው። ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም። እሷ «እኔና እጮኛዬ» አለች።

እጄን አወጣሁ። የገዛ ሐሳቤን እንደ ጠላት ሐሳብ ቦጫጨቅኩት።

«ከቀና ያን ቀን ለምን መረጠ? ሰው የሚያድንበት ሌላ ቀን ጠፍቶ ነው?»

«ሲሄድ ሊያድነው አስቦ ነበር» አለች። «እዚያ ሲደርስ ነው…»

«የትኛው ትዕይንት ላይ ነው ያሰበው?»

ወደ ሰሌዳው ዞር አለች።

«ፊልሙን አይተሽዋል ወይስ ሰው ነው የተረከልሽ?»

ከኋላ የሳቁ ነበሩ። እጮኛህ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ተቀመጠች። እጅ ሲቆጠር እኔ አሸነፍኩ፤ ዳኛው ሜትሩን አውልቆ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። አልዋሽህም፤ ደረጃውን ወርደን እስክንጨርስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። የእግረኛ መብራቱ ጋ ስንቆም «አንቺ» አለችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ሐሳቡ ያንቺ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱ ነው የነገረኝ። ‹ተነሺና የእኛ ነው በያቸው፤ ሌባ ብላ ትጮህብሻለች፣ ከዚያ ትስቃለች፣ ከሳቀች እህትሽ ሆነች ማለት ነው› አለኝ። ሦስት ቀን ተለማምጄ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«አልሳቅሽማ» አለች። «ብናገር ደግሞ አንቺ ነበርሽ የምታፍሪው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ተመልሶ ቀይ ሆነ። አልተሻገርንም። «ይቅርታ» አልኳት። ድምፄ ግን የይቅርታ ድምፅ አልነበረም፤ እሷም ገብቷታል።

ለአንተ «ጥሩ ነበር» ብቻ እንዳለችህ ነግራኛለች። እኔ ግን እንዲህ ተሸፋፍኖ እንዲቀር አልፈለግኩም። አንተም ጥፋት አለብህ። ትስቃለች ብለህ የገመትካት ጥለሃት የሄድካትን እህትህን ነው። ያቺ በየሳምንቱ አንተ እየተከራከርካት የምትስቅ ነበረች። የአሁኗ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጠገቧ ያለውን ወንበር በቦርሳ ይዛ የምትቀመጥ ናት።

ሰኞ ዕለት መነጽር ቤቱ ጠራኋት። ቅዳሜ ሰሌዳውን ስታነብ ዓይኗን ጠበብ ስታደርግ አይቻት ነበር። አስቀምጬ ለካኋት፤ ግራ ዓይኗ ደከም ያለ ነው። ፊቷ ከፊቴ አንድ ስንዝር ሲርቅ ቅንድቧ ሥር ያለችውን ትንሽ ጠባሳ አየሁ። ከየት እንደመጣች ጠየቅኳት፤ ረጅም ታሪክ ነገረችኝ፣ ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ለአንተ ነግራህ እንደሆነ ጠየቅኳት። አልነገረችህም። እኔም አልነግርህም።

ሌንሱን በእጄ ሠራሁት። ስታደርገው ትክ ብላ አየችኝና «አኮሰታተርሽ ልክ እንደሱ ነው» አለችኝ። ፍሬሙን የማስተካክል መስዬ ጆሮዋ ጋ ትንሽ ቆየሁ።

ሦስተኛው ክፍል በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ከሄድክ ወዲህ አዲስ ፊልም ሲወጣ አንተ እዚያ፣ እኔ እዚህ በአንድ ቀን ገብተን ገና ከበሩ ስንወጣ እንደዋወል ነበር። አሁን ከእሷ ጋር ግባ። ሲያልቅ መጀመሪያ የእሷን ሐሳብ ጠይቃት። እኔን በማግስቱ ደውልልኝ። በማግስቱ ነው ያልኩት፤ በሳምንቱ አላልኩም።

እማዬ ሁለታችሁንም ትስማለች። «ጤና ይስጥህ፣ ያሰብከው ይሙላልህ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ጤና ይስጣችሁ፤ ያሰባችሁት ይሙላላችሁ።

እህትህ