ቁጭ ብለው እንዲያዩ ስለተቆረጠው ብረት

ለተከበሩ የመስሕብ ስፍራዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎም እንደ ወንበርዎ የጸና እንዲሆን እመኛለሁ። ምናልባት ዘንግተውኝ ከሆነ፣ እኔ ከፏፏቴው ፊት ለፊት፣ በገደሉ አፋፍ ላይ የቆመውን የመመልከቻ ሰገነት የነደፍኩት አርክቴክት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ ለቢሮዎ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች በደህና ተቀምጠው እንደሚገኙ ከጸሐፊዎ ስለሰማሁና ከተቀመጡበት ላለማስነሣት ብዬ ነው።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ላስቀምጠው።

፩ኛ. በምርቃቱ ዋዜማ ወንበርዎን አስይዘው ሰገነቱ ላይ ብቅ ስላሉ አመሰግናለሁ። እኔ ሞኙ መከለያውን የሠራሁት ቆሞ ለሚመለከት ሰው፣ ደረት ድረስ እንዲመጣ አድርጌ ነበር፤ እርስዎ ግን ተቀምጠው ሞከሩትና ብረቱ ፏፏቴውን ለሁለት እንደሚከፍለው ደረሱበት። የክብር እንግዶች ደግሞ ቆመው አያዩም። ስለዚህ እስከ ጉልበት ድረስ ዝቅ ተደርጎ እንዲቆረጥ አዘዙ፤ እኔ እምቢ ስል፣ እንግዶቹ እንደሄዱ ተመልሶ እንደሚበየድ በሰው ፊት ቃልዎን ሰጡኝ።

በያጁ የእህቴ ባል ነበር። ብረቱን እየቆረጠ «አይዞህ፣ ነገ ከነገ ወዲያ መልሼ እበይደዋለሁ» ይለኝ ነበር፤ ቁርጥራጩም እንዳይጠፋበት ቤቱ ወስዶ ግቢው ጥግ ደረደረው።

፪ኛ. እንግዶቹ ሄደው፣ ወንበሮቹ ተነሥተው፣ በጀቱም ተዘግቶ መከለያው እንደተቆረጠ ሲቀር፣ ሕዝቡ ያለ ጥበቃ እንዳይቀር አስበው «መደገፍ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ስላሰቀሉልን እጅ እነሣለሁ። ጉልበት ላይ የሚቀር ብረትን መደገፍ የሚችለው በእንብርክኩ የመጣ ሰው ብቻ ነው፤ ነገር ግን ጽሕፈት ቤትዎ ባለጉዳይ እንዴት ሆኖ እንደሚመጣ ከእኔ በተሻለ ያውቃል።

፫ኛ. ስምዎ የተቀረጸበት ሰሌዳ ከሰገነቱ በስተጀርባ ባለው አለት ላይ እንዲሰቀል የእህቴን ባል ስላስጠሩት አመሰግናለሁ። እሱ መከለያውን ሊበይድ የተጠራ መስሎት መበየጃውን ጭምር ይዞ ሄደ። ሰሌዳውን ሰቀለ። ከዚያም ማንም ባለሙያ እንደሚያደርገው፣ ቀጥ ማለቱን ለማየት ወደ ኋላ ፈቀቅ ፈቀቅ አለ። ብረቱ ከኋላ ጉልበቱን መታው። ደረት ድረስ ቢሆን ኖሮ ጀርባውን ይቀበለው ነበር። ሰሌዳው ቀጥ ብሏል፤ ሄደው ይዩት፣ ብቻ ወደ ኋላ አይበሉ።

አራተኛው በቁጥር አልገባልኝ አለ። መግለጫዎ አደጋው የደረሰው በዲዛይን ጉድለት ነው ሲል፣ «የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ» የሚባለውን እህቴ በር ላይ አምጥቶ አስቀመጠው። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው እኔን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እህቴ ግን የተቆረጠው ብረት ግቢዋ ውስጥ ስለነበረ ሌላ ምስክር አላስፈለጋትም። ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ፤ በጨዋ አማርኛ ልሸፍነው ብሞክርም ተናድጃለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ተማሪዎች በአውቶቡስ ተጭነው ሰገነቱን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ልጆች ደግሞ ቁጭ ብለው አያዩም። ከዚያ በፊት መከለያው ወደ ቁመቱ ይመለስ።

በተቀመጡበት ሁሉ ፊትዎን የሚጋርድ አንዳች ነገር እንዳይገጥምዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የሰገነቱ አርክቴክት፣
የሟቹ ሚስት ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ መከለያውን ለመመለስ በመጋዘን ብረት የለም መባሉን ሰምተናል። ብረቱ አለ። እህቴ የባሏን መቃብር አጥራበታለች፤ እዚያ ቁጭ ብሎ ፏፏቴ የሚያይ እንግዳ ስለሌለ ቁመቱን የተቃወመ የለም። ለልጆቹ ከሆነ ግን ይንቀሉት ብላለች። ብቻ በያጅ ይዘው ይምጡ፤ የእኛው ከሥሩ ተኝቷል።