ጭራዋ ተነሥቶ ይለካልን

የካቲት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.
ድሬዳዋ

ለተከበሩ ጓድ የቴክኒክ ቁጥጥር ኮሚቴ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የዘንድሮው ሙቀት ከወዲሁ ስለ በረታ የቢሮዎ ቬንቲላተር እንዳይቆምብዎ፣ ወገብዎም በስብሰባ ብዛት እንዳይነሣብዎ ዘወትር እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሃንጋር ውስጥ ብቻዬን ስለምውል የሚያስነጥስብኝ ሰው የለም፤ ጉንፋን ከየት ይመጣል?

ይህን ደብዳቤ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ የለጠፍሁት ለመዳፈር አይደለም። ባለፈው የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ማንኛውም ሠራተኛ ቅሬታውን በግልጽ ይጻፍ ብለው የፈቀዱት እርስዎ ነዎት። በእጅዎ የሰጠኋቸው አራት ማመልከቻዎች የት እንደ ገቡ ስላልታወቀ፣ ይኼኛው ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል ብዬ ተጽናናሁ።

አላፊ አግዳሚው አንባቢ እንዳይቸገር ራሴን ላስተዋውቅ። ዘገዬ ሣህሉ እባላለሁ፣ የዚህ መሥሪያ ቤት መካኒክ ነኝ፣ የምኖረው ከዚራ ሰፈር በአንዲት ክፍል ቤት ነው። ያለችን አውሮፕላን አንዲት ናት። ከፊት ሁለት ጎማ፣ ከጭራዋ ሥር አንድ ትንሽ ጎማ ያላት፣ ስትቆም ጭራዋን መሬት ላይ አሳርፋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ የምታቀና ትንሽ አውሮፕላን ናት። ሥራዋ በረሃ ላሉ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ማድረስ ነው። ከሁሉም የሚርቀውና የሚከፋው ማረፊያ በደረቅ ወንዝ ዳር ያለው ጠጠራማ መሬት ሲሆን፣ ድንጋዩን በእጇ እየለቀመች ሜዳ ያደረገችው የጣቢያው ጤና ረዳት ወይዘሪት ኻድራ ስለሆነች እኛ የኻድራ ሜዳ እንለዋለን።

የዛሬ ሁለት ዓመት የፋብሪካውን ትንንሽ ጎማዎች አውጥቼ፣ ከወደቀ አውሮፕላን ላይ የተነሡ ትልልቅ ጎማዎችን ገጠምሁላት። እግሮቿን በብየዳ አጠናከርሁ፤ ለጭራዋም የምድር ባቡሩ ቀጥቃጭ አቶ ገብረወልድ የመኪና ባሌስትራ አግሎ አንድ የብረት ቅጠል ጨመረልኝ። ከዚያ ወዲህ የኻድራ ሜዳ ላይ ሠላሳ ስምንት ጊዜ አርፋለች፤ አንድም ጊዜ ፕሮፔለሯ መሬት አልነካም። ጥፋቴ ይኸው ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፤ ኮሚቴዎ ባለፈው ጥቅምት ሜትር ይዞ፣ ሰባት ሰው ሆኖ፣ ሃንጋር ድረስ በእግሩ በመምጣቱ አመሰግናለሁ። በትንንሾቹ ጎማዎች ብትቆም በፕሮፔለሯ ጫፍና በመሬት መካከል ስልሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር እንደሚኖር አስልታችሁ ከበቂ በላይ ነው ብላችኋል፤ የእኔንም ሥራ ያለ ፈቃድ የተደረገ፣ ግለኝነት የታየበት ብላችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍራችኋል። ሒሳባችሁ አንድ ሳንቲም አይዛነፍም። ብቻ ጓድ ሊቀመንበር፣ የለካችኋት ተቀምጣ ነው። አውሮፕላን ተቀምጣ አትነሣም። ስትንደረደር መጀመሪያ ከመሬት የሚለቀው ጭራዋ ነው፤ ጭራዋ ሲነሣ አፍንጫዋ ይወርዳል፣ ያ ስልሳ ሁለትም ሃያ አምስት ይሆናል። ከፊት ካሉት ትንንሽ ጎማዎች አንዷ ጎርፍ የቆፈረው ቦይ ውስጥ ስትገባ ከሃያ አምስቱ ምን እንደሚተርፍ እግዜር ይወቀው። ይህን ለመናገር እጄን አውጥቼ ነበር፤ ጥያቄ በመጨረሻ ተባልሁ፣ በመጨረሻ የምሳ ሰዓት ደረሰ።

ሁለተኛ፤ በኅዳር እንግዶች ሊጎበኙን ሲመጡ አውሮፕላኗ ጭራዋን ጥላ ስትታይ ያዘነች ትመስላለች ብለው፣ ጭራዋ በርሜል ላይ እንዲቀመጥ በማዘዝዎ አመሰግናለሁ። አምሮባት ነበር። በዚያን ቀን እውነቱ እፊትዎ ቆሞ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ መለካት ብቻ ይበቃ ነበር። ሜትሩ ግን ቢሮ ተረስቶ ነበር።

ሦስተኛውን ምስጋና መጻፍ ይከብደኛል። በትእዛዝዎ መሠረት ትንንሾቹን ጎማዎች የመለስሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ፈርሜያለሁም። አብራሪያችን ካፒቴን ወርሳሜ፣ «አቦ፣ በዚህ እግርማ አይኬድም» እያለኝ የኩፍኝ ክትባቱን ጭኖ ሄደ። ሜዳውን የክረምቱ ጎርፍ አርሶት አገኘው። ሦስት ጊዜ ዞረ፣ አላረፈም፣ ክትባቱን ይዞ ተመለሰ። ኻድራ ልጆቹን አሰልፋ፣ የነፋሱን አቅጣጫ እንዲያይ ሻሿን እንጨት ላይ አስራ ቆማ ነበር፤ ፊቱን አዙሮ ሲሄድም ሻሿን አላወረደችም አለኝ። ኮሚቴዎ ይህንን የቆራጥነት ጉድለት ብሎ ወርሳሜን ለጠረጴዛ ሥራ ወደ አዲስ አበባ አዛወረው። ስድስት ዓመት ምሳዬን አብሮኝ የበላው እሱ ነበር። አሁን አብራሪም ስለሌለ አውሮፕላኗ እንደ ቆመች ናት፤ ምሳዬን ከሥሯ ተቀምጬ እበላለሁ። ይህን ያህል ጸጥታ ለሠራተኛ ያመቻቸ ኮሚቴ ያለ አይመስለኝም።

ቁጥሩን እዚህ ላቁም። ከዚህ የሚቀጥለው ቅሬታ ይሁን ኑዛዜ እኔም አላውቀውም።

ኻድራን አይቻት አላውቅም። አውሮፕላኗ ካረፈች በኋላ ግን ጎንበስ ብላ የጎማዎቹን ዱካ በጣቷ ትለካና በቁራጭ ወረቀት ጽፋ በወርሳሜ እጅ ትልክልኝ ነበር። ቀኙ ሁለት ጣት፣ ግራው ሦስት ጣት ጠልቋል ትለኛለች፤ እኔ የጎማውን አየር አስተካክላለሁ። በሚቀጥለው ወረቀት ሁለቱም እኩል ሆነዋል ትላለች። ያን እግር ብቻዬን ሠራሁት ብዬ ብፎክር ውሸት ነው፤ ግለኝነት የተባለውን በቃለ ጉባኤው ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል። ሠላሳ ስምንት ወረቀት አለኝ። ከጣት ቁጥር በቀር ምንም የለባቸውም፣ አንዱ ላይ ብቻ ከሥር ቁርስ በልተሃል ወይ ይላል። ከእናቴ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሦስት ወር ሆነኝ፣ ምንም ወረቀት አልደረሰኝም። እውነቱን ልናገር፣ ትናፍቀኛለች።

ልመናዬ አጭር ነው። ኩፍኙ ከጣቢያው አጠገብ ያሉት ሰፈሮች መግባቱን ከበረሃ የሚመጡ ነጋዴዎች ነግረውኛል። በግመል መንገዱ ሁለት ቀን ነው፤ ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው በረዶ የሚቆየው አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ከኮሚቴው ሥራ አንድ ሰዓት ተቆርሶልኝ፣ ሜትሩ ሳይረሳ፣ ወደ ሃንጋር ብቅ ይበሉ። በርሜሉን እኔ አቀርባለሁ፣ ጭራዋንም እኔ አነሣለሁ፣ እርስዎ ይለካሉ። ከአርባ ሳንቲ ሜትር በላይ ካገኙ እዚያው በርሜል ላይ ወጥቼ በሠራተኛው ፊት ግለ ሂሴን አደርጋለሁ። ካላገኙ ጎማዎቼን ይመልሱልኝ፣ ወርሳሜንም ይመልሱልን።

ለሰጡኝ ጸጥታ፣ ላላነበቧቸው አራት ማመልከቻዎችና ተቀምጦ ስለ መለካት ላስተማሩኝ ትምህርት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ መቀመጫዎ እንዲመችዎ የምመኝልዎ፣

ዘገዬ ሣህሉ
የአንዲት የቆመች አውሮፕላን መካኒክ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ትልልቆቹ ጎማዎች ቀይ ቀለም ተቀብተው፣ አፈር ተሞልቶባቸው፣ ከቢሮዎ በር ግራና ቀኝ አበባ እንደ ተተከለባቸው የማያውቅ የለም። በየማለዳው ከሥራ መግቢያ በፊት በእርጥብ ጆንያ የሚሸፍናቸው አበባ ወዳድ ጓድ ተፈልጎ በምስጋና ሰሌዳ ላይ ስሙ ይጻፍ ማለትዎን ሰምቻለሁ። እኔ ነኝ። አበባውስ ከደረቀ ሁለት ወር ሆኖታል። የምሸፍነው ጎማው በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ ነው። አፈሩን ለማራገፍ ሩብ ሰዓት ይበቃኛል።