ገመዱን የሚይዝ ሰው

ኬረላ፣ ሕንድ፣ ዝናቡ በገባ በሳምንቱ

ልጄ ጂሻ፣ የዶሃን ሙቀት ፈጣሪ ያብርድልሽ፤ የነካሽው ሁሉ ይለምልም። እኔ ደህና ነኝ። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትደንግጪ፤ ገመድ መዳፌን ትንሽ ልጦት ነው።

ፍየሏ መንታ ወልዳ የጃክፍሩት ዛፋችንን ቅጠል ስትበላ ትውላለች። አንቺ ስትወለጂ አባትሽ የተከለው ዛፍ ዘንድሮ ከግንዱ እስከ ጫፉ አፍርቷል። ግን ማን ይበላዋል? አንዱ ፍሬ ብቻ የሁለት ዓመት ልጅ ያህላል። ሙጫው እንዳይዘው እጁን ዘይት ተቀብቶ የሚፈለፍል ቤት ሙሉ ሰው ይፈልጋል። እየወደቀ ይበሰብሳል፤ ዝንቡማ መከራዬን አሳየኝ።

ማክሰኞ ዕለት ጎረቤታችን ኩንጃፓን ዛፉ ላይ ወጣና አንዱን ፍሬ በገመድ አሰረልኝ።

«እማማ ኦማና፣ ከታች ሆነው ገመዱን መያዝ ይችላሉ?» አለኝ።

«አንተ ዝም ብለህ ቁረጥ!» አልኩት።

ቆረጠው። ገመዱ ከእጄ አመለጠና ፍሬው መሬት ላይ ተፈረከሰ። አባትሽ ሲይዘው እንዴት ቀላል ይመስል ነበር!

ኩንጃፓን ወርዶ እጄን አየና፣ «ዛፉ ይቆረጥ በቃ፤ ምስጥ የማይደፍረው በር ይወጣዋል» አለኝ። በየዓመቱ ዛፉን ሊገዛ የሚመጣው አናጺም መጥቶ ግንዱን ለካ። «ጂሻ ዘንድሮ ትመጣለች፤ እሷ ከቀመሰችው በኋላ ትቆርጠዋለህ» ብዬ አናጺውን መለስኩት። እንዲህ ስለው ሦስተኛ ዓመቴ ነው።

ምሳሽን እየዘለልሽ ሥራ አትግቢ። ፈጣሪ በሄድሽበት የሚያስብልሽ ሰው ይስጥሽ። የምትመጪ ከሆነ ቀኑን ጻፊልኝ፤ ዝቅ ብሎ ያፈራውን አንዱን አቆይልሻለሁ። የማትመጪም ከሆነ ሳትፈሪ ንገሪኝ፤ አናጺውን መዋሸት ደክሞኛል።

እናትሽ ኦማና