ውሻው የሚያውቀው ቃል

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ከጧቱ 3፡00

የምንከባከባቸውን እማማ ኦዲልን አጥቤ አልብሼ ጨረስኩ። (ከእንግዲህ እ/ኦ፤ እጄ ደክሟል።) አጃቸውን ግማሽ በሉ። ዛሬም ያንን ንግግራቸውን ይዘዋል። ስትሮኩ ከመታቸው ወዲህ እንግሊዝኛው ጠፍቷቸዋል። ልጃቸው ክሌር ፈረንሳይኛ ትችላለች፤ ይሄ ግን ፈረንሳይኛ አይደለም፣ ቅዠት ነው፣ ስታወራው ሰምቼ አላውቅም ትላለች። የዛሬ ሳምንት የአረጋውያን ቤት ልታስገባቸው ነው።

ደብተሬ፣ እኔ አልተዋጠልኝም። የሚቃዥ ሰው አንዱን ቃል በዚያው ሰዓት እየጠበቀ አይደግምም። ሶ ከዛሬ ጀምሮ የሚሉትን ሁሉ በፊደል እጽፋለሁ። «ኩም» ይላሉ እጃቸውን ዘርግተው። ክሌር ማታ ቦርሳዋን ስታነሳ ደግሞ ጠረጴዛውን እየደበደቡ «ብሊብ ዶ»። ክሌር እናቴ ታባርረኛለች ብላ መኪናዋ ውስጥ ታለቅሳለች። በመስኮት አይቻታለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ፓልምስ ሰፈር፣ ቤቴ

እ/ኦ የት ተወለዱ ብዬ ክሌርን ጠየቅኳት። አልሴሽን ናት አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ቤት ስገባ አብራኝ የምትኖረው ብርቱካን ጉግል አደረገችው። ጆሮው የቆመ ትልቅ ውሻ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ተናደድኩ፤ እኚያን የመሰሉ ሴትዮ!

ወረድ ብለን አነበብን። አልዛስ የሚባል አገር አለ፣ ፈረንሳይና ጀርመን ድንበር ላይ። ሰዉም ቋንቋውም አልሴሽን ይባላል። ቋንቋው ለጀርመንኛ ይቀርባል። ውሻው እንኳ የጀርመን ነው፤ እንግሊዞች ከጀርመን ጋር ሲዋጉ ስሙን መጥራት ቢቀፋቸው የጎረቤቱን ስም ሰጡት። ሰው ሲጣላ ውሻም ስሙ ይቀየራል።

ዋናው ግን እ/ኦ ቋንቋ አላቸው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ከቀኑ 9፡00

ሳልረሳው ልጻፈው።

ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርኪንግ የሚጠብቁት ጋሽ ደምሴ ያው ዓይነት ውሻ አላቸው። እኔ ውሻ ፈሪ ነኝ፤ ሁሌ መንገድ እቀይራለሁ። ዛሬ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ጋሼ አልሴሽን የሚለውን ስም አገር ቤት ፖሊስ ሳሉ ነው የለመዱት። እዚህ ግን ጀርመን ሼፐርድ ካላልሽ የሚሰማሽ የለም አሉኝ።

«ታዲያ ልጄ፣ ይሄ ጌታ ትሬይን የተደረገው በጀርመንኛ ነው። በአማርኛ ብለምነው ዞር ብሎም አያየኝ።»

አሳዩኝ። «ኮም» አሉት፣ መጣ። «ብላይብ» አሉትና ጥለውት እስከ አጥሩ ሄዱ። ውሻው ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ ዓይኑ ብቻ ይከተላቸዋል። ደብተሬን አወጣሁ። ጋሼ፣ ይሄ የመጨረሻው ምን ማለት ነው?

«እዚሁ ቆይ፣ አትሂድ።»

ብላይብ። ብሊብ። ውሻው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ፍርሃቱ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ሞከርኩት። «ኩም» ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ እ/ኦ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ፣ እየሳቁ። ከዚያ ቦርሳዬን አነሳሁ። ጠረጴዛው ተመታ፤ ብሊብ ዶ። ቦርሳዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። መምታቱን ተዉት። እጄን ይዘው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ለክሌር ልደውል ስል ፈራሁ። እንጀራዋን ልታድን ነው ትለኛለች። ደግሞ እሱም ውሸት አይደለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ክሌር ጧት መጣች። የእ/ኦ ሻንጣ በር ላይ ነው። ተንተባትቤ ነገርኳት፤ ፓርኪንጉን፣ ጋሼን፣ ውሻውን። ፊቷ ቀላ። የእናቴን ንግግር ከውሻ ነው የተማርሽው አለች። አዎ አልኳት።

መኪናውን ላስነሳ ብላ ቦርሳዋን አነሳች። እ/ኦ ጠረጴዛውን መቱት። ብሊብ ዶ።

«እዚሁ ቆዪ ነው የሚሉሽ» አልኳት። «አትሂጂ።»

ቆማ ቀረች። ስንት ጊዜ ብላኛለች አለች። ደብተሬን ገልጬ ቆጠርኩ፤ ካለፈው ሰኞ ወዲህ ሰባት። ቦርሳዋን አስቀመጠች። ወንበር ስባ ከእናቷ ፊት ተቀመጠችና «ብሊብ» አለች። አነጋገሯ ልክ አልነበረም። እ/ኦ ግድ አልነበራቸውም።

የአረጋውያን ቤቱ ጋ ደውላ ሰረዘች። ሻንጣውን እኔ ፈታሁት። አሁን ቃላቱን ልትገለብጥ ደብተሬን ወስዳ ነበር፤ የአማርኛ ፊደሉን አይታ መለሰችልኝ። ሶ እኔ ላነብ፣ እሷ ልትጽፍ።

እ/ኦ እየጠሩ ነው። ኩም። መጣሁ ብዬ ብዕሬን ላስቀምጥ ስል፣ ክሌር ቀድማኝ ተነሳች።